የጉሬዛ ፀጉር

ጓድ አሥራት ባለቤቴን ያሳሰረው በውሻችን ፀጉር ምክንያት ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ ይሳቁ። በዚያ ዓመት አሰብ ውስጥ ያልኖረ ሰው ቢስቅ አልፈርድበትም።

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነበር። ድርቁ ሰሜኑን ይፈጃል፣ ወደቡ በእርዳታ መርከብ ተጨናንቋል፣ ከባድ መኪኖች እህልና የቅቤ ዘይት እየጫኑ ወደ መሀል አገር ይጎርፋሉ። ባለቤቴ ወሰኔ የእርዳታ ዕቃ ከሚቀመጥባቸው መጋዘኖች የአንዱ ኃላፊ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ሁለታችንም ከጎጃም ተመድበን የመጣን፣ ልጅ ያልወለድን፣ ሙቀቱን እየተራገምን የምንኖር ሰዎች ነበርን። ቤታችን ውስጥ ሰው ቆሞ የሚያየው ነገር ቢኖር ጉሬዛ ብቻ ነበር።

ጉሬዛ ጥቁር ውሻ ነው፤ ደረቱ ላይ ብቻ ነጭ አለው። ወሰኔ ከወደቡ አጥር ሥር ሲያገኘው ገና ቡችላ ነበር። ፀጉሩ በእከክ ተበልቶ፣ ጆሮው በመዥገር ተሞልቶ፣ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አመጣልኝ። «ይሞታል፣ መልሰው» አልኩት። ወሰኔ ውሻውን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆመ። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ዝም ብሎ ከቆመ እንቢ ማለቱ ነው።

እንግዲህ ውሻው ቤቴ ከገባ ተመልጦና እያከከ እንዲኖር አልፈቅድም። አባቴ የበቅሎ ነጋዴ ነበር፤ የከብት ገላ እንዴት እንደሚያዝ ከእሱ አይቻለሁ። ሳሙና የቆዳውን ወዝ ስለሚያነሳ አላስነካሁትም። የአሰብ ሰው ውሻውን ባሕር ውስጥ ነክሮ ያወጣና አጠብኩት ይላል። ጨዉ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ውሻው ሲያክ ይውልና ፀጉሩን ይጨርሳል። ጉሬዛ ባሕር የገባ እንደሆነ ከመጠጥ ውሃችን ቀንሼ አለቀልቀው ነበር። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር ከዘንባባ ጭረት ባሰርኩት ብሩሽ ከአንገቱ ወደ ጭራው አበጥረዋለሁ፣ ከጆሮው ጀርባና በጣቶቹ መሀል መዥገር እለቅምለታለሁ፣ በመጨረሻ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ገላውን አሸዋለሁ። ይህ ሁሉ ግን የላይ የላዩ ነው። አባቴ በቅሎዎቹን የኑግ ፋጉሎ ያበላቸው ነበር፤ ሆዳቸው ቅባት ካላገኘ ማሸቱ ብቻውን ከንቱ ድካም ነው ይል ነበር። አሰብ ላይ ደግሞ ፋጉሎ ከየት ይመጣል?

ይህን የፈታችልኝ ጎረቤቴ ዙሌይኻ ናት። ዙሌይኻ አፋር ናት፤ ወንድሟ ሐንፈሬ ራሔይታ በሚባለው የባሕር ዳር መንደር ዓሣ ያጠምዳል። ሻርክ ሲይዝ ጉበቱን ያመጣላትና ግቢዋ ውስጥ ትቀቅለዋለች። የሚወጣው ዘይት የጀልባ እንጨት እንዳይሰነጠቅ የሚቀባ ነው። ሽታው እንኳን ሰው ዝንብ ያባርራል። ዘይቱ ከተቀዳ በኋላ የሚቀረውን የጉበት ዝቃጭ ለጉሬዛ ትሰጠኝ ነበር። ውሻ ወዳ እንዳይመስላችሁ! በእምነቷ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ እርጥብ አፍንጫው ከነካት ሰባት ጊዜ፣ አንዱንም በአፈር፣ መታጠብ አለባት። ስለዚህ ጣሳውን በሁለታችን ግቢ መሀል ያለው ግንብ ላይ ታስቀምጥና ፈንጠር ብላ ትቆማለች።

«ውሻሽን ያዢው! ወላሂ ውባንቺ፣ ከነካኝ ለድመት ነው የምሰጠው!»

እኔም ሁልጊዜ አንገቱን ይዤ አስቀረው ነበር። ጥቂት ጥቂቱን ከትርፍራፊው ጋር እየለወስኩ አበላሁት፤ ከዘይቱም አንድ ጠብታ ብርድ ልብሱ ላይ አድርጌ አሸሁት። ዓመት ሳይሞላ የጉሬዛ ገላ አዲስ እንደተቦረሸ ጫማ አበራ። መንገደኛው ቆሞ ያየዋል። እኔም እኮራበት ነበር፤ ምን እደብቃለሁ?

ከዚያ ከወሰኔ መጋዘን የቅቤ ዘይት ቆርቆሮዎች ጠፉ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመና የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ አሥራት ሰብሳቢው ሆነ። አሥራት ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ረጅም ሰው ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ወሰኔ ለምሳ እንደመጣ፣ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች አስከትሎ ቤታችን ገባ። ፍራሹን ገለበጡ፣ ሳጥኑን ዘረገፉ፣ የዱቄት እንስራዬ ውስጥ ሳይቀር እጃቸውን ከተቱ። ምንም አላገኙም። እፎይ ልል ስል አሥራት በሩ ላይ ቆመና ጥላ ሥር የተኛውን ጉሬዛ ማየት ጀመረ። አየው፣ አየው፣ አየው።

«ይኼ ውሻ ምንድነው የሚበላው?»

«ትርፍራፊ ነው ጓድ» አልኩ።

«ትርፍራፊ?» ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ። «ዘይት በራሽን፣ ስኳር በራሽን በሆነበት አገር የሰፊው ሕዝብ ቆዳ ደርቆ አመድ መስሏል። የእሳቸው ውሻ ግን ወዙ ሊንጠባጠብ ነው። ጓዶች፣ ይኼ የትርፍራፊ ወዝ አይደለም። ይኼ የቅቤ ወዝ ነው!»

ወሰኔ «ጓድ አሥራት፣ እኔ…» ከማለቱ አንደኛው ጥበቃ ትከሻውን ያዘው።

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ሐንፈሬ የሚያጠምደው ጅቡቲ ድንበር ሥር ነው። በዚያ ሰሞን ከብሔራዊ ውትድርና የሸሹ ልጆች በጀልባ ወደዚያ ማዶ ይሻገራሉ ተብሎ የራሔይታ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ በክፉ ዓይን ይታይ ነበር። አንድ የሐንፈሬ ጓደኛ ለጥያቄ ተፈልጎ ከሄደ ወዲህ አልተመለሰም። ባሌን ላስፈታ ስል የዙሌይኻን ወንድም ማስበላት ሊሆንብኝ ነው።

«የዓሣ ጉበት ነው የማበላው» አልኩ። «ከገበያ እየገዛሁ።»

አሥራት ሞኝ አይደለም። ወዲያው አንዱን ጥበቃ ወደ ዓሣ ተራ ላከው። ጥበቃው ተመልሶ «ጉበት እንጥላለን እንጂ ሸጠን አናውቅም አሉ» ሲል ከሌባ ሚስትነት አልፌ ውሸታም ሆንኩ። ወሰኔን ይዘውት ሄዱ፤ ጉሬዛ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተከተላቸውና ምላሱን አውጥቶ ተመለሰ።

የእርዳታ እህል ሲሰርቁ ተያዙ የተባሉ ሰዎች ምን እንደተፈረደባቸው በሬዲዮ ሰምተናል። ጉዳዩ ከቀበሌ አልፎ ወደ ጦሩ ፍርድ ቤት ከሄደ ወሰኔን በሕይወት እንደማላየው አውቃለሁ። በማግስቱ ስንቅ ይዤ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። በሽቦ አጥሩ በኩል አየሁት፤ የታችኛው ከንፈሩ አብጧል። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጉሬዛ በላ?»

«አንተን ነው የሚበሉህ፣ አንተ ስለ ውሻ ታወራለህ!» ብዬ ጮህኩበት። ጥበቃው ዞር ሲል ወደ ሽቦው ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሰው ስም እንዳትጠሪ ውባንቺ፤ እኔ አልጠራሁም» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ያን ቀን እሱንም ጉሬዛንም ራሴንም ጠላሁ።

ቤት ስደርስ ዙሌይኻ ግንቡ ጋ ቆማ ጠበቀችኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። «የሐንፈሬን ስም አላነሳሁም» አልኳት። ምስጋና ባልጠብቅም አንድ ቃል ጠብቄ ነበር። እሷ ግን መሬት መሬቱን ስታይ ቆየችና ሻርፗን ሰብስባ ቤቷ ገባች። ተቀየምኳት። ፍርሃቷን ለመረዳት የሚሆን ልብ ያን ቀን አልነበረኝም።

አሥራት ቅዳሜ ሕዝቡን የቀበሌ አዳራሽ ጠራ። ከዚያ በፊት ጥበቃዎቹ መጥተው ጉሬዛን በገመድ ወስደውት ነበር፤ ከአዳራሹ ጀርባ ታስሮ ያለ ምግብ እንዳደረ ሰማሁ። ለምን እንደሆነ የገባኝ አዳራሹ ውስጥ ስገባ ነው። መድረኩ ሥር ባዶው ሲሚንቶ ላይ ሁለት ሳህን ተቀምጧል። በአንደኛው የቅቤ ዘይት፣ በሁለተኛው ጥሬ የዓሣ ጉበት።

«ጓዶች!» አለ አሥራት። «ይህ ሳይንሳዊ ምርመራ ነው። እንስሳ አይዋሽም። ውሻው የለመደውን ምግብ ይመርጣል፤ እኛም ሀቁን እናውቃለን።»

ድሮ አገር ቤት ሌባሻይ የሚባል ነበር፤ ለልጅ መድኃኒት አጠጥተው በገመድ እየመሩ፣ ልጁ ተደናብሮ የወደቀበት ቤት ሌባ ነው ይሉ ነበር። አሥራት ራሱ ከወር በፊት በዚያው አዳራሽ «ጎጂ ልማድ» እያለ አውግዞታል። አሁን በልጁ ቦታ ውሻ አቁሞ ሳይንስ አለው። ብናገር ግን ማን ይሰማኛል? ወሰኔ በሁለት ጥበቃዎች መሀል ግድግዳው ሥር ቆሟል። ጫማ የለውም።

ጉሬዛን አስገቡት። ያለ ምግብ አድሮም ቢሆን ያበራል። የአዳራሹ መስኮት ብርሃን ጀርባው ላይ ሲያርፍ ከሕዝቡ ማጉረምረም ተሰማ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ «እውነትም!» አለች።

«ማንም እንዳይጠራው» አለ አሥራት እኔን እያየ። ገመዱን ለቀቁት።

ጉሬዛ መጀመሪያ የዞረው ወደ ሳህኖቹ አልነበረም፤ ወደ ወሰኔ ነው። ጭራውን እየቆላ ሄደና የታሰረ እጁን አሸተተ። ጥበቃው በሰደፍ ገፋው። ከዚያ እኔን ፈለገኝ። ፊቴን አዞርኩበት፤ ጠራችው እንዳይሉኝ። ግራ ገባው መሰለኝ መሀል ላይ ትንሽ ቆመ። ቀጥሎ አፍንጫው መራው። ጉበቱን አሸተተ። ጥሬ ነው፤ እኔ ጥሬ ሰጥቼው አላውቅም። ብላው፣ ብላው አልኩ በሆዴ፤ ስለትም ተሳልኩ። ተወው። ወደ ሁለተኛው ሳህን አለፈና የቅቤውን ዘይት ይልስ ጀመር።

አዳራሹ ተንጫጫ። አሥራት እጁን አነሳ። «በቃ! ሀቁ ወጥቷል።»

«ርቦታል!» ብዬ ተነሳሁ። «አስርባችሁት ነው! ቅቤ የማይበላ ውሻ የት አለ?»

«ተቀመጪ።»

«ወሰኔ አንድ ጠብታ—»

«ተቀመጪ ብዬሻለሁ! ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፋል።»

ወሰኔ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ ከሴቶቹ ረድፍ አንዲት ሴት ተነሳች። ዙሌይኻ ናት። መምጣቷንም አላየሁም።

«እኔ ልናገር» አለች።

አሥራት ደስ አለው። ጎረቤቴ ናት፣ ሙስሊም ናት፣ ከውሻው ጋር ስትጣላ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷታል። «ጥሩ፣ ምስክር ይሰማ። ያየሽውን ተናገሪ።»

ዙሌይኻ አልተናገረችም። ወደ በሩ ሄደችና ከመጠጥ ውሃው ገንቦ በኩባያ ቀድታ ቀኝ እጇን አራሰች። እርጥብ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ወደ ጉሬዛ መራመድ ስትጀምር ሙስሊሞቹ ቀድመው ገባቸው። «አስተግፊሩላህ!» አለ አንድ ሽማግሌ። አንዲት ሴት ሻርፗን ልትይዝባት ሞከረች። ጉሬዛ ቀና አለ። እኔ ስንት ዘመን ከእሷ ስከለክለው ኖሬ፣ ዛሬ ራሷ ስትመጣለት ደስታውን አልቻለም፤ እጇን ግራና ቀኝ ላሰው። ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ። እጇን ግን አልሰበሰበችም። መዳፏን አንገቱ ላይ አሳርፋ እስከ ጭራው ድረስ ጭምቅ አድርጋ አበሰችው።

ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥታ መዳፏን አሥራት አፍንጫ ሥር ያዘችለት።

«አሽትት።» አማርኛዋ አንቱታ አያውቅም።

አሥራት ወደ ኋላ ተሳበ፤ ወንበሩ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ።

«ምን ትሸሻለህ? ቅቤ ነው አላልክም? አሽትት! ይኼ የሻርክ ጉበት ነው። እኔ ነኝ የቀቀልኩት፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ ድስት። ጀልባ የሚቀባ ነው። ትራፊውን ለእሷ ሰጠሁ፣ እሷ ለውሻ ሰጠች። ውሻው ርቦት ቅቤ በላ። አንተም ብትራብ ትበላለህ።» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ለውሻ ብዬ እጄን አላረክስም። ታውቁኛላችሁ። ለጎረቤቴ ባል ነው።»

አሥራት መሀረቡን አወጣና አፍንጫውን ጠራረገ። ሲናገር ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ ይኼኛው ድምፁ ከጩኸቱ ይበልጥ አስፈራኝ።

«ጉበቱን ከየት ታመጫለሽ?»

አትናገሪ አልኩ በሆዴ።

«ወንድሜ ያመጣል። ሐንፈሬ።»

«የት ነው የሚያጠምደው?»

«ዓሣ ያለበት ነዋ!»

ከኋላ አንድ የወደብ ሠራተኛ ሳቀ። ሳቁ ተዛመተ። ዓብዱልናስር የሚባሉ አሮጌ ጀልበኛ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። «እኔም ጀልባዬን የምቀባው በዚሁ ነው፤ ሽታው እዚህ ድረስ መጥቶልኛል። ሴትዮዋ እውነት ብላለች» አሉ። ሌላ ሰው ተነሳ፤ ከዚያም ሌላ። ወደ መቀመጫው የተመለሰ አልነበረም። አሥራት የቆመውን ሰው በዓይኑ ዳሰሰው። ከዚያ «ጉዳዩ እንደገና ይጣራል» ብሎ ስብሰባውን በተነ።

ውጭ፣ ከአዳራሹ ጥግ፣ ውሃ ያፈሰስኩላት እኔ ነኝ። ዙሌይኻ ተቀምጣ እጇን በአፈር አሸች፣ ከዚያ ደጋግማ አጠበች፤ በየመሀሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ፊቷን ፊቷን ሳይ ውሃው እዚህም እዚያም ፈሰሰ። ሁለት ቀን ሙሉ በልቤ ስረግማት የነበረችው ሴት ናት። እንባዬ መጣ።

«አታልቅሺ» አለችኝ ቀና ሳትል። «አፍስሺ በደንብ። ውሃ ያልቃል።»

«ሐንፈሬስ?»

«ትናንት ሽሽ ብዬ ሰው ልኬለታለሁ። ሄዷል።» እጇን እያራገፈች ተነሳች። «ተመልሶ ይመጣል፣ አይመጣም፣ አላህ ያውቃል።»

ያን ጊዜ ነው በግንቡ አጠገብ ዝም ብላኝ የገባችበት ምክንያት የገባኝ። እኔ ስቀየማት እሷ ለወንድሟ መንገድ ስታበጅ ነበር።

ወሰኔ በሚቀጥለው ሳምንት ተፈታ። ቆርቆሮዎቹን ማን እንደወሰዳቸው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ከጣቢያው በር ላይ አሥራት ቆሞ ሸኘን። «መልካም ውሻ ነው ያላችሁ» አለ ፈገግ ብሎ። «ዓይን ውስጥ ይገባል። በየጊዜው እያለፍኩ አየዋለሁ።»

ቤት ስንደርስ ጉሬዛ እየተንደረደረ ወሰኔ ላይ ዘለለ። ከወደቡ አጥር ሥር አንስቶ ደረቱ ላይ አቅፎ ያመጣው ሰው በሁለት እጁ ገፋው። ከዚያ ወደ መንገዱ አየ፤ በሩን ዘጋ፤ መቀርቀሪያውን ሁለቴ ነካካው። እንዲህ ያለ ወሰኔ አላውቅም። ከሽቦ አጥር ውስጥ ሆኖ ስለ ውሻ የጠየቀኝ ሰው እዚያው ቀርቷል።

«ውባንቺ» አለኝ። «ይኼን ውሻ አደብዝዢልኝ።»

ጉበቱ ከሐንፈሬ ጋር ሄዷል፤ ግን ወዙ ባንድ ቀን አልመጣም፣ ባንድ ቀንም አይሄድም። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት፣ ከምድጃው አመድ እዘግናለሁ። ከጭራው ወደ አንገቱ፣ ፀጉሩን እያቆምኩ፣ እስኪገረጣ ድረስ አሸዋለሁ። ጉሬዛ ግን እንደ ወትሮው የማቆነጀው መስሎት ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንዱን ጎን ስጨርስ ሌላውን ራሱ ያዞርልኛል።